ሆስፒታል ተኝታ ያለፋት የስምንተኛ ክፍል ዓመት፦ የአንዲት የደሴ ተማሪ ጉዳይ

ይህ የአንዲት ተማሪ ጉዳይ ነው። ደሴ ውስጥ ባለ አንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ስምንተኛ ክፍል ትማር ነበር። የመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ሊጠናቀቅ ሲል እግሯን ታመመችና ሆስፒታል ገባች። ሕክምናው ረዘመ። አገግማ ስትወጣ የክፍል ጓደኞቿ ሚኒስትሪ ተፈትነው ጨርሰው ነበር። ዘንድሮም እሷ እዚያው ስምንተኛ ክፍል ናት።

የልጅቷንም የትምህርት ቤቷንም ስም አልጠራም። ይህን የምጽፈው ሰው ለማሳጣት አይደለም። በነገሩ ውስጥ ያለፉት ሰዎች አብዛኞቹ ልጅቷን ለመርዳት የተቻላቸውን አድርገዋል። እኔ በጉድኝቱ፣ ማለትም ትምህርት ቤቷ ባለችበት የአጎራባች ትምህርት ቤቶች ስብስብ ውስጥ፣ የልዩ ፍላጎት ትምህርት መምህር ስለሆንኩ ጉዳዩን በቅርብ ተከታትዬዋለሁ። ከአክስቷ፣ ከክፍል ኃላፊ መምህሯ፣ ከርዕሰ መምህሩና ከትምህርት ቤቱ ሂሳብ ሠራተኛ ጋር ቁጭ ብዬ ተነጋግሬያለሁ።

ጥያቄዬ አንድ ነው። ለትምህርት ቤቱ ገንዘብ የሚመጣው በተማሪ ቁጥር ተሰልቶ ነው። ተማሪዋ አልጋ ስትይዝ በእሷ ስም የመጣው ገንዘብ ለምን አልተከተላትም?

ልጅቷና ሕመሟ

የተወለደችው ተሁለደሬ ወረዳ ነው፤ ከሐይቅ ከተማ ወጣ ያለ የገጠር ቀበሌ። ስድስተኛ ክፍልን ስትጨርስ አባቷ ደሴ አክስቷ ዘንድ ላካት። አክስቷ ሰኞ ገበያ በርበሬና ቅመማ ቅመም ይሸጣሉ። «እኔ ፊደል ሳልቆጥር ቀረሁ። እሷ እንደኔ አትቀርም ብዬ ነው ያመጣኋት» ይላሉ።

ደሴን የሚያውቅ ሰው አቀበቷን ያውቃል። ቤታቸው ከዋናው መንገድ ሽቅብ በድንጋይ ደረጃ የሚወጣ ነው። አንድ ማለዳ፣ ጉሙ ገና ሳይገፈፍ፣ ወደ ትምህርት ቤት ስትወርድ አዳለጣትና ወደቀች። ቅልጥሟን ተመታች። ደም አልወጣም፣ አጥንትም አልተሰበረም። ወጌሻ አሽቷት ወደ ቤት ተመለሰች። ቆይቶ እግሯ አበጠ፣ ትኩሳት ያንቀጠቅጣት ጀመር። ጤና ጣቢያ ሄዱ። ጤና ጣቢያው ሪፈር ጻፈላቸው።

ሐኪሞቹ አጥንቷ ውስጥ መግል መቋጠሩን ነገሯቸው። የአጥንት ኢንፌክሽን ይባላል። ልጆችን የሚያጠቃ ሕመም ነው፤ ጀርሙ ብዙ ጊዜ በደም በኩል ነው ወደ አጥንት የሚገባው። ሕክምናው ትዕግሥት ይጨርሳል። መጀመሪያ መግሉ በኦፕራሲዮን ይወጣል። የሞተ አጥንት ካለ ይጠረጋል። ከዚያ ለሳምንታት በደም ሥር አንቲባዮቲክ ይሰጣል። የሞተ አጥንት ከቀረ ደግሞ እንደገና ወደ ኦፕራሲዮን ክፍል ነው። ልጅቷ እንደገና ከገቡት አንዷ ናት።

የታመመው እግሯ ነው። አእምሮዋ ደህና ነው። የመጀመሪያዎቹ የትኩሳት ቀናት ካለፉ በኋላ ቀኑን ሙሉ ነቅታ ነበር የምትውለው። በሁለት መርፌዎች መካከል ሰዓታት አሉ። በዚያ ሰዓት የምታደርገው ነገር አልነበረም። ጣሪያ ታያለች፣ የአክስቷን ስልክ ትነካካለች፣ የጎረቤት አልጋ ሕፃን ታጫውታለች።

የጤናው ገንዘብ አብሯት መጣ

ቤተሰቧ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ነው። ተሁለደሬ በዚህ ቀዳሚ ወረዳ ናት። መድኑ በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ሲጀመር ከአማራ ክልል ከተመረጡት ሦስት ወረዳዎች አንዷ እሷ ነበረች። አባቷ ዓመታዊ መዋጮውን ሳያቋርጥ ይከፍላል።

ልጅቷ ስትታመም አባቷ የመድን ደብተሩን ይዞ በመጀመሪያው መኪና ደሴ ገባ። ደብተሩና የሪፈር ወረቀቱ አንድ ላይ ሲቀርቡ አልጋው፣ ምርመራው፣ ኦፕራሲዮኑ በመድን ተያዘ። መድኃኒት ቤቱ ያጣውን አንዳንድ ነገር ከውጭ ገዝተዋል። ምግብና ትራንስፖርትም አለ፤ ያም ለአንድ ገበሬ ቀላል አይደለም። ትልቁ ወጪ ግን ከላያቸው ላይ ተነስቷል። «አልሃምዱሊላህ፣ መድኑ ባይኖር በሬያችን ይሸጥ ነበር» ብለውኛል አክስቷ።

የተሁለደሬ ገንዘብ ደሴ ላይ ሥራ ሠራ ማለት ነው። ልጅቷ ወረዳ ብትሻገርም ገንዘቡ ተከትሏት ሄደ። የትኛው ወረዳ ይከፍላል፣ በምን ማስረጃ፣ ለማን የሚሉት ጥያቄዎች ሁሉ አስቀድመው መልስ ተዘጋጅቶላቸዋል። ሰው ሲታመም ማንም ተቀምጦ አዲስ መመሪያ አይጽፍም።

በትምህርት በኩል ያጣነው ይህንን ነው።

የትምህርቱ ገንዘብ እንዴት እንደሚመጣ

የመንግሥት ትምህርት ቤት ገንዘብ በጥቅሉ በሦስት በር ይገባል። አንደኛው ጥቅል በጀት ነው። ከፌዴራል ወደ ክልል፣ ከክልል ወደ ወረዳና ከተማ አስተዳደር ይወርዳል። ከዚህ ውስጥ ትልቁ እጅ የመምህራን ደመወዝ ነው። ሁለተኛው የትምህርት ቤት ድጎማ ነው፤ ሁላችንም ስኩል ግራንት የምንለው። ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ በአጠቃላይ ትምህርት ጥራት ማሻሻያ ፕሮግራም በኩል፣ በመንግሥትና በለጋሾች ገንዘብ፣ በተማሪ ቁጥር እየተሰላ ሲመጣ ቆይቷል። ሦስተኛው የትምህርት ቤቱ የውስጥ ገቢ ነው፦ የሣር ሽያጭ፣ የካፌ ኪራይ፣ የወላጅ መዋጮ።

ለአካል ጉዳተኛ ተማሪዎችም የታሰበ ነገር አለ። የልዩ ፍላጎት ትምህርት ስትራቴጂ በ1998 ዓ.ም. ወጣ፤ በ2004 ዓ.ም. ተሻሻለ። በ2010 ዓ.ም. የጸደቀው የጥራት ማሻሻያው ምዕራፍ ደግሞ ፍትሐዊነትን በስሙ ውስጥ ይዞ ነው የመጣው። በዚያ ጊዜ የተመረጡ ትምህርት ቤቶች የአካቶ ትምህርት (አካል ጉዳተኞችን ከሌሎች ተማሪዎች ጋር አብሮ የማስተማር) ድጋፍ ማዕከል ሆኑና ተጨማሪ ድጎማ ተሰጣቸው። የእኔም ሥራ ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። ብሬል፣ የምልክት ቋንቋ መርጃ፣ ዊልቼር የመሳሰለው በማዕከሉ ይቀመጣል። እኛ መምህራኑ በዙሪያው ወዳሉ ትምህርት ቤቶች እየተዘዋወርን እንደግፋለን።

ከሁሉ በላይ ሕገ መንግሥቱ አለ። አንቀጽ 41 መንግሥት ለትምህርትና ለጤና እየጨመረ የሚሄድ ሀብት እንዲመድብ ያዛል። እዚያው አንቀጽ ውስጥ፣ አቅም በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን ለማቋቋምና ለመርዳት ሀብት እንዲመደብ ተጽፏል። የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም በ2002 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 676 ጸድቋል። አንቀጽ 24ቱ ስለ ትምህርት ነው።

ወረቀቱ ላይ እንግዲህ ሰው አልተረሳም። አሁን ወደ ትምህርት ቤቱ ሂሳብ ክፍል ልውሰዳችሁ።

«በምን ርዕስ ልክፈለው?»

የክፍል ኃላፊ መምህሯ የሒሳብ መምህር ነው። ወጣት ነው፤ ልጅቷን ይወዳታል። ሆስፒታል መግባቷን እንደሰማ ከትምህርት በኋላ እየሄደ ያስተምራት ጀመር። ባጃጁን ከኪሱ ይከፍላል። የሌሎች መምህራንን ማስታወሻ ፎቶ ኮፒ አድርጎ ይወስዳል፤ እሱም ከኪሱ ነው። የመምህር ደመወዝ ምን ያህል እንደሆነ ለዚህ አንባቢ መንገር አያስፈልግም። ጥቂት እንደቆየ ከበደው።

ማመልከቻ ጻፈ። ለትራንስፖርትና ለፎቶ ኮፒ የሚሆን ትንሽ ገንዘብ እንዲፈቀድለት ጠየቀ። ርዕሰ መምህሩ ከጎኑ «ይከፈል» ብሎ መራለት። ወረቀቱ ሂሳብ ሠራተኛዋ ጠረጴዛ ላይ ደረሰ።

እሷ ክፉ ሰው አይደለችም። መዝገቡን አውጥታ አሳየችኝ። የድጎማው ገንዘብ በትምህርት ቤቱ ዓመታዊ ዕቅድ መሠረት ለየሥራው ተደልድሏል። የመማሪያ ቁሳቁስ አለ። ጥገና አለ። የፈተና ወረቀት አለ። የልዩ ፍላጎት ድጋፍ የሚል መስመርም አለ፤ ገንዘብም ነበረበት። በጣቷ መስመሩን እያሳየችኝ «ልጅቷ እዚህ ውስጥ ትገባለች? በቅጹ ላይ አካል ጉዳተኛ ተብላ አልተመዘገበችም። ታማለች ነው የሚለው። ታማለች ለሚል ተማሪ በምን ርዕስ ልክፈለው? ነገ ኦዲተር ሲመጣ ማን ይመልስልኛል?» አለችኝ።

እውነቷን ነው። ዓመታዊው የተማሪ መረጃ የሚሰበሰብበት ቅጽ አካል ጉዳትን በዓይነት ይጠይቃል፦ ማየት የተሳነው፣ መስማት የተሳነው፣ የእንቅስቃሴ ችግር ያለበት፣ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለበት እያለ። ለረጅም ጊዜ ታሞ ሆስፒታል የተኛ ተማሪ የሚል ሳጥን አላየሁበትም። መረጃው ሲሰበሰብ ደግሞ ልጅቷ ገና ጤነኛ ነበረች። ከጤነኞቹ ተርታ ተቆጥራለች። ድጎማውም በዚያው ቁጥር ላይ ተሰልቶ መጥቷል፤ የእሷ ድርሻ ትምህርት ቤቱ ሂሳብ ውስጥ ገብቷል ማለት ነው።

ማመልከቻው ወደ ርዕሰ መምህሩ ተመለሰ። ርዕሰ መምህሩ የበላይ አካልን በስልክ ጠየቀ። መመሪያ ይታይ ተባለ። መመሪያው ሲታይ ዓመቱ አለቀ።

የተጠየቀው ገንዘብ ትንሽ ነበር፤ የባጃጅና የወረቀት ገንዘብ ብቻ። የመምህሩ ደመወዝ ቀድሞውኑ ተከፍሏል። መጽሐፉ ታትሞ ተሰጥቷል። የሆስፒታሉ አልጋ በመድን ተይዟል። በደሴ ብዙ ነገር በገንዘብ እጥረት ይቆማል፤ ይህን ማንም አይክድም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ከተማዋ ሲገባ ሆስፒታሉ ተዘርፏል፤ ትምህርት ቤቶች ተፈናቃይ አስጠልለዋል፤ ብዙ ንብረት ጠፍቷል። የዚህች ልጅ ትምህርት የቆመው ግን ገንዘብ ጠፍቶ አልነበረም። ገንዘቡ ሳጥን ውስጥ ነበር፤ የሚወጣበት መስመር አልነበረውም።

አልጋው ላይ

መምህሩ ማመልከቻው ሲመለስበትም አልተወም። ቀኑን ቀነሰ እንጂ መሄዱን አላቆመም። አንዳንዴ እኔም አብሬው እሄድ ነበር።

በግራ እጇ ላይ ጉሉኮስ የሚገባበት መርፌ ተሰክቷል። በቀኟ ትጽፋለች። ጠረጴዛ የለም። የራጅ ፊልሟ የሚቀመጥበትን ትልቁን ፖስታ ጉልበቷ ላይ ዘርግታ፣ ከውስጡ ጠንከር ያለ ካርቶን አስገብታ፣ ደብተሯን በዚያ ላይ ታስቀምጣለች። ሐኪሞቹ ለዙር ሲመጡ ፖስታው ከሥር ይመዘዛል፣ ፊልሙ ይታያል፣ ከዚያ ተመልሶ ጠረጴዛ ይሆናል። በፖስታው ጀርባ ላይ የእኩልታ ስሌት ተጽፎበት አይቻለሁ።

ነርሷ የመርፌውን ሰዓት ከትምህርቱ ጋር እንዳይጋጭ ለማድረግ ትሞክር ነበር። «ቲቸር፣ ዛሬ ቁስሏ ስለሚታጠብ ዘግየት ብላችሁ ኑ» ብላ ትደውላለች። ይህን እንድታደርግ ያዘዛት ማንም የለም።

ክፍሉ ውስጥ ሌሎች ተማሪዎች ነበሩ። አንዱ ከለጋምቦ የመጣ የአምስተኛ ክፍል ልጅ ነው። አንዱ ከወልድያ በኩል ነው። አንዷ ከአፋር የመጣች ናት፤ አማርኛዋ ገና ነው። መምህሩ ሲያስተምር እነሱም አንገታቸውን አስግገው ያዳምጣሉ። የለጋምቦው ልጅ አንድ ቀን «እኔንስ የሚያስተምረኝ የለም?» ብሎ ጠየቀ። መምህሩ ክፍልፋይ አስተማረው። ያ ልጅ ለጋምቦ ላይ ባለው ትምህርት ቤቱ መዝገብ ምን ተብሎ እንደተጻፈ መገመት አያቅተኝም። ከክፍል የቀረ ተማሪ ሁሉ መጨረሻ ላይ አንድ ስም ነው የሚሰጠው፦ አቋራጭ።

ደሴ ያሉ ሆስፒታሎች ለከተማዋ ብቻ አይደሉም። ከደቡብ ወሎ ሁሉ፣ ከሰሜን ወሎ፣ ከኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን፣ ከአፋር ታማሚ ይመጣል። ከከተማዋ ወጣ ብሎ ያለው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ደግሞ መድኃኒት የተላመደ ቲቢን ያክማል፤ እሱም ወራት የሚወስድ ሕክምና ነው። ከታማሚዎች መካከል ልጆች አሉ። ከልጆቹ መካከል ተማሪዎች አሉ።

ፈተናው

ዓመቷን የበላው በዋናነት አንድ ነገር ነው። ይህን ረዘም አድርጌ ልጻፈው።

ልጅቷ ስትታመም የመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ትምህርት አብዛኛው አልቆ ነበር። ተከታታይ ምዘናዎቿ ተይዘዋል። ውጤቷም ጥሩ ነው። የቀራት የመንፈቁ ማጠቃለያ ፈተና ነው። ያን ፈተና ካልወሰደች ሮስተሩ፣ ማለትም የተማሪዎች ውጤት መዝገቡ፣ ላይ የመጀመሪያ መንፈቅ ውጤት አይኖራትም። ውጤት ከሌላት ደግሞ ለስምንተኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና ትምህርት ቤቱ አያስመዘግባትም።

መምህሩ ሐሳብ አቀረበ። ሁለት መምህራን ፈተናውን በታሸገ ፖስታ ይዘን ሆስፒታል እንሂድ፣ ነርሷ ባለችበት እንፈትናት፣ ወረቀቱን አሽገን እንመልስ አለ። መምህራኑ ተከፋፈሉ። ግማሾቹ «ምን ችግር አለው?» አሉ። ግማሾቹ «ለእሷ ከተደረገ ነገ ሁሉም የሐኪም ወረቀት እያመጣ ቤቴ ፈትኑኝ ይለናል» አሉ። የሁለቱንም ስጋት እረዳለሁ። በሐሰተኛ የሐኪም ወረቀት የሚቀልድ ተማሪ አለ። መጨረሻ ላይ ከትምህርት ቤት ግቢ ውጭ ፈተና ለመስጠት የሚፈቅድ መመሪያ በእጃችን የለም ተባለና ሐሳቡ ወደቀ።

አክስቷ ርዕሰ መምህሩን ቢሯቸው ድረስ ሄደው ለመኑ። ገበያቸውን ትተው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው። «መምህር፣ እግሯ ነው እንጂ የታመመው እጇ ይጽፋል። በአላህ ይሁንብዎት፣ አንድ ቀን ብቻ ይምጡና ይዩዋት» አሏቸው። ርዕሰ መምህሩ ሄደው አይተዋታል። ሲወጡ እንባ ተናንቋቸው እንደነበር መምህሩ ነግሮኛል። ሥልጣናቸው ግን እዚያ አልደረሰም፤ ወይም እንደደረሰ አላመኑም።

የምዝገባው ጊዜ አለፈ። ሮስተሩ ሲዘጋ በስሟ ፊት ለፊት በቀይ እስክሪብቶ «አቋርጣለች» ተብሎ ተጻፈ። ልጅቷ ያን ቀን አልጋዋ ላይ የሳይንስ ደብተሯን ስታነብ ነበር።

እንግዲህ ሒሳቡን እንሥራው። አንድ ተማሪ ክፍል ደገመ ማለት መንግሥት ለአንድ ክፍል ሁለት ጊዜ ከፈለ ማለት ነው። መቀመጫዋ፣ መጽሐፏ፣ የመምህሩ ሰዓት፣ የድጎማ ድርሻዋ፣ ሁሉም ዘንድሮ እንደገና ይወጣል። ይህን ወጪ ማንም «በምን ርዕስ?» ብሎ አልጠየቀም፤ ለደጋሚ ተማሪ ርዕስ አለው። በባጃጅና በወረቀት ሊድን ይችል የነበረ ዓመት፣ በአንድ ሙሉ ዓመት ወጪ ተተካ። የልጅቷን አንድ ዓመት ደግሞ የሚተምንበት መዝገብ የለም።

መስከረም ላይ የተመለሰችው ሌላ ተማሪ ነበረች

መስከረም ላይ በክራንች መጣች። ክራንቹን ያገኘችው ከደሴ የአካል ተሐድሶ ማዕከል ነው። ጉልበቷ እንደልቧ አይታጠፍም። ሐኪሞቹ በፊዚዮቴራፒ እንደሚሻሻል ነግረዋታል፤ ምን ያህል የሚለውን ጊዜ ያሳያል።

የስምንተኛ ክፍል ክፍሎች ፎቅ ላይ ነበሩ። ርዕሰ መምህሩ የእሷን ክፍል ወደ ምድር አወረዱት። አንድ ሳንቲም አላስወጣም። መጸዳጃ ቤቱ ጋ ያለው ደረጃ ግን አስቸገረ። እኔ ማመልከቻ ጻፍኩ፤ ለክራንችና ለዊልቼር የሚሆን የሲሚንቶ መወጣጫ ይሠራ ብዬ። በልዩ ፍላጎት መስመሩ ወዲያው ተፈቀደ። ሲሚንቶ ተገዛ፣ አሸዋ መጣ፣ መወጣጫው ተሠራ። ሂሳብ ሠራተኛዋ አላመነታችም። ልጅቷ አሁን በቅጹ ላይ የእንቅስቃሴ ችግር ያለበት በሚለው ሳጥን ውስጥ ገብታለች።

ያው ትምህርት ቤት ነው። ያው ሂሳብ ሠራተኛ፣ ያው መስመር፣ ያችው ልጅ። አምና ለትምህርቷ ያልተከፈለው ዘንድሮ ለመወጣጫዋ ተከፈለ። መወጣጫው በመሠራቱ ደስ ብሎኛል፤ ለሌሎችም ይጠቅማል። ግን አምና አልጋ ላይ ሳለች መንቀሳቀስ ጭራሽ አትችልም ነበር። ከዘንድሮው ይልቅ አምና ነበር ድጋፍ የሚያስፈልጋት።

ሌላ አገር እንዴት ያደርጉታል?

የእኛን ከሀብታም አገር ጋር ማወዳደር አልወድም፤ አንድ ነገር ብቻ ግን ልጥቀስ። አሜሪካ በ1975 እ.ኤ.አ. ባወጣችው የአካል ጉዳተኛ ልጆች ትምህርት ሕግ ውስጥ ልዩ ትምህርት ሲተረጎም በክፍል የሚሰጠውን ብቻ አላለም። በቤት የሚሰጠውንና በሆስፒታል የሚሰጠውንም ይጨምራል። አስተማሪው ወደ አልጋው ሲሄድ ርዕስ አለው ማለት ነው።

ኦሃዮ በምትባለው ግዛት ደግሞ ኮሚዩኒቲ ስኩል የሚባሉ፣ በመንግሥት ገንዘብ የሚሠሩ ግን ከአካባቢው የትምህርት አስተዳደር ራሳቸውን ችለው የሚተዳደሩ ትምህርት ቤቶች አሉ። ገንዘባቸው እንደ እኛ ድጎማ በተመዘገበ ተማሪ ልክ ይሰላል። ተማሪው አካል ጉዳት ካለበት ጉዳቱ በስድስት ምድብ ተከፍሎ፣ እንደ ምድቡ ተጨማሪ ገንዘብ ይታሰብለታል። የገንዘባቸው መጠን ለእኛ አይሆንም። የአሠራሩ ሐሳብ ግን ብዙ ብር አይጠይቅም። እኛ ራሳችን በጤና መድኑ ይህንኑ ሠርተነዋል።

አሁን ጉዳዩ ያለበት

ባለፈው የወላጅ ተማሪ መምህር ኅብረት ስብሰባ ላይ ጉዳዩን አቀረብነው። አክስቷም መጥተው ተናገሩ። ረጅም ክርክር ነበር። አንድ አባት ተነስተው «ሌላውም ልጅ እኮ መጽሐፍ የለውም፤ ለአንድ ልጅ ብላችሁ ለምን?» አሉ። ተገቢ ጥያቄ ነው። የመለሰችላቸው ሂሳብ ሠራተኛዋ ናት። የአምናውን ማመልከቻ አውጥታ የተጠየቀውን ብር ጮክ ብላ አነበበችው። አዳራሹ ዝም አለ። አባትየውም «ይህችማ ምን አላት?» ብለው ተቀመጡ።

በዘንድሮው ዕቅድ በልዩ ፍላጎት መስመር ሥር አንድ አዲስ ንዑስ ርዕስ ገብቷል፦ «በሕመም ምክንያት ከክፍል ለራቁ ተማሪዎች የማስተማሪያ ወጪ»። ስሙን ያወጣችው እሷው ሂሳብ ሠራተኛዋ ናት። ማስረጃው የሆስፒታሉ የተኝቶ ሕክምና ወረቀት እንዲሆን ተስማማን፤ ቤት ይረፍ የሚል የሐኪም ወረቀት አይበቃም። ይህ የሐሰተኛ ወረቀቱን ስጋት ቀነሰው። የሚያስተምረው መምህር ሰዓት እንደ ቲቶሪያል ክፍለ ጊዜ ተቆጥሮ ከሥራ ጫናው ላይ እንዲታሰብለትም ተወስኗል።

ሁለት ነገር ግን ከትምህርት ቤቱ አቅም በላይ ነው። አንደኛው ፈተና ነው። በአልጋ ላይ ያለ ተማሪ የትምህርት ቤት ፈተና እንዴት እንደሚፈተን የሚገልጽ የአንድ ገጽ መመሪያ ከበላይ እንዲሰጠን ጽፈናል። ሁለተኛው የለጋምቦው ልጅ ጉዳይ ነው። የእኛ ንዑስ ርዕስ የሚሸፍነው የእኛን ተማሪዎች ብቻ ነው። ሆስፒታል ውስጥ ላሉት የሌላ ወረዳ ልጆች አንድ መምህር ቢመደብ ደመወዙን የደሴ ከተማ ትከፍላለች ወይስ ልጆቹ የመጡባቸው ወረዳዎች? ደሴ በራሷ አስተዳደር ናት፤ ወረዳዎቹ ደግሞ በዞን ሥር ናቸው፤ የአፋሯ ልጅ ጭራሽ ሌላ ክልል ናት። ይህን የሚፈታው ከከተማውም ከዞኑም በላይ ያለ አካል ነው። የእኔ ሐሳብ መምህሩ እዚህ ጉድኝት ካለ የአካቶ ማዕከል እንዲመደብ ነው፤ ልጁ የመጣበት ወረዳ ደግሞ በተማሪው ስም ከተቀበለው ድጎማ ለቆይታው ያህል ድርሻውን ያካፍል። የሆስፒታሉ ሶሻል ወርከር ተማሪ የሆነ ታማሚ ሲገባ ለትምህርት ቤቱ ደብዳቤ ይጻፍ። ልጁ መዝገብ ላይ አቋራጭ ከመባል ይድናል። ይህንንም በደብዳቤው ላይ አስፍረነዋል።

በመመሪያው ላይ ረቂቅ አዘጋጁና አምጡ ተብለናል፤ የሒሳብ መምህሩና እኔ እየጻፍነው ነው። በሁለተኛው ጉዳይ መልስ አልመጣም። የለጋምቦው ልጅ ከሆስፒታል ወጥቶ አገሩ ገብቷል። ልጅቷ በዚህ መንፈቅ ማጠቃለያ ፈተናዋን ወስዳለች፤ ለክልላዊ ፈተናም ተመዝግባለች።